ቀለም የሚቀያይር የፖላራይዝድ ብርሃን ሥራ፦ ከትዕዛዝ እስከ ግጠማ

ለትምህርት ቤት ኮሪደር፣ ለቤተ መጻሕፍት ወይም ለጤና ጣቢያ መጠበቂያ ክፍል እንዲህ ያለ ሥራ (ከኋላው በርቶ፣ ፊቱ ሲዞር ቀለሙን የሚቀያይር የመስታወት ምስል) ታዘው ከጀመሩ ሰዎች ብዙዎቹ መሃል ላይ ያቆማሉ። ስዕል መሣል አቅቷቸው አይደለም። ወይ ጥቁር ሳጥን ይወጣላቸዋል፣ ወይ ለደንበኛው በወረቀት ያሳዩት ቀይ በመስታወቱ ላይ አረንጓዴ ይሆንባቸዋል። ሁለቱም የሚመጡት ከቅደም ተከተል ስህተት ነው፤ ሰዎቹ ንድፉን አስቀድመው ይሠሩና ቁሳቁሱን በኋላ ይፈትናሉ። እዚህ ሥራው የሚጀምረው ምስሉ ከሚሠራበት የካርቶን ማሸጊያ ፕላስተር ነው።

አሠራሩ በአጭሩ ይህ ነው። በሁለት ፖላራይዘሮች (በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገብ ብርሃን ብቻ በሚያሳልፉ ፊልሞች) መካከል የተደራረበ ፕላስተር ይገባል። ፕላስተሩ ሲመረት ስለሚለጠጥ ብርሃን በርዝመቱና በወርዱ አቅጣጫ በተለያየ ፍጥነት ያልፍበታል። የፊተኛው ፖላራይዘር ይህን ልዩነት ወደ ቀለም ይለውጠዋል። ቀለሙን የሚወስነው የንብርብሩ ብዛት ነው፤ ቀለሙ ደማቅ ወይም ደካማ መሆኑን የሚወስነው ደግሞ ፕላስተሩ የተለጠፈበት ማዕዘን ነው።

ከዚህ በታች የሚሠራው ዲያሜትሩ 46 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክብ ምስል ነው። ከኋላው መብራት አለው፤ ከፊቱ ተመልካች በእጁ የሚያዞረው ጎማ አለ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ሊኒየር ፖላራይዘር ፊልም፣ 50×50 ሳንቲ ሜትር፣ 2 ቁራጭ
- ተራ የመስኮት መስታወት፣ 4 ሚሊ ሜትር፣ 52×52 ሳንቲ ሜትር፣ 2 (አንዱ መጠባበቂያ)፤ ለናሙና 10×30 የሆነ ሌላ ቁራጭ
- 60×60 የኤልኢዲ ፓነል መብራት፣ ከ40 እስከ 48 ዋት፣ ነጭ ብርሃን
- ውስጡን የሚያሳይ የካርቶን ማሸጊያ ፕላስተር፣ ወርዱ 4.8 ሳንቲ ሜትር፣ 3 ጥቅል
- የስቲከር ጀርባ ወረቀት (ማተሚያ ቤቶች የሚጥሉት ይበቃል)
- 6 ሚሊ ሜትር ፕላይውድ ለጎማው፣ 18 ሚሊ ሜትር ለሳጥኑ
- 3 ሚሊ ሜትር ፖሊካርቦኔት (ጠንካራ ግልጽ ፕላስቲክ)፣ ዲያሜትሩ 50 ሳንቲ ሜትር ክብ
- የተንሸራታች አሉሚኒየም መስኮት ጎማ፣ ቦይ ያለው፣ 3
- ከተር ከብዙ ምላጭ ጋር፣ የብረት ማስመሪያ፣ ፕሮትራክተር፣ ውኃ ልክ፣ ባለ ሁለት ፊት ፕላስተር፣ ቪቲና ፊሸር

የፕላስተሩ ስሌት እንዲህ ነው፦ ምስሉ 1,660 ካሬ ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። በአማካይ 4 ንብርብር ቢሆን 14 ሜትር ይፈጃል፤ ከሚባክነው ጋር 30 ሜትር ያዙ። አንድ ጥቅል ሊበቃ ይችላል። ሦስት የሚገዛው ግን ጥቅል ከጥቅል ውፍረቱ ስለሚለያይ ነው። ሦስቱንም ከአንድ ካርቶን አስወጥታችሁ ግዙ።

ገንዘብ የሚያስበሉ ግዢዎች

የመኪና መስታወት ቲንት ፖላራይዘር አይደለም፤ ያጨልማል እንጂ አይመርጥም። ሁለት ቁራጭ ደራርባችሁ አንዱን 90 ዲግሪ ስታዞሩ ጥቁር ካልሆነ አትግዙ።

የሦስት አውታር ሲኒማ መነጽርና የካሜራ ፖላራይዘር አብዛኛውን ጊዜ ሰርኩላር እንጂ ሊኒየር አይደሉም። በአንድ ፊታቸው ይሠራሉ፣ በሌላው አይሠሩም። ለዚህ ሥራ ተዉአቸው።

ከአሮጌ የኮምፒውተር ስክሪን ፊልም ልጦ መጠቀም ይቻላል፤ የፊተኛው ግን ብዙውን ጊዜ ሻካራ ስለሆነ ምስሉን ያደበዝዛል። አሮጌ ስክሪኖች ውስጥ ያለው ቀጭን ቱቦ መብራት ሜርኩሪ አለበት፣ ሰርኪዩቱም ከፍተኛ ቮልቴጅ ያወጣል። መፍታት ለማያውቅ ሰው አይመከርም።

ደረጃ 1፦ ቦታውን ማየት

ግድግዳውን በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ እዩት፦ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ ቀን 6 ሰዓት፣ ከሰዓት 10 ሰዓት። አንዱ ፖላራይዘር ብቻውን ከፓነሉ ብርሃን ከግማሽ በላይ ይውጣል፤ ፕላስተሩና ሁለተኛው ፖላራይዘር ሲጨመሩ የሚተርፈው ትንሽ ነው። ፊት ለፊቱ ትልቅ መስኮት ካለ የመስኮቱ ነጸብራቅ ምስሉን ይሸፍነዋል።

ቀጥተኛ ፀሐይ የሚያርፍበትን ግድግዳ አትቀበሉ። ሰሜን ሸዋ ላይ ደግሞ «የሰሜን መስኮት ፀሐይ አያስገባም» የሚባለው ዓመቱን ሙሉ አይሠራም። ደብረ ብርሃን የምድር ወገብ ላይ ሳይሆን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9.7 ዲግሪ ገደማ ናት፤ ከሚያዝያ 7 ገደማ እስከ ነሐሴ 22 ገደማ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች፣ በቀሩት ወራት በደቡብ በኩል። ስለዚህ በጥር ያያችሁት ግድግዳ በሰኔ ሌላ ነው። የጣሪያውን ክፈፍ ርዝመት እያያችሁ አስሉ።

ደብረ ብርሃንና መንዝ ላይ የሌሊቱ ውርጭ፣ ጣርማ በር አካባቢ ጉሙ መስታወት ላይ ጤዛ ያመጣል። ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ላይ ችግሩ ተቃራኒ ነው፤ ሙቀት የፕላስተሩን ሙጫ ያላላል። በሁለቱም ቦታ ሥራው ከቤት ውጭ አይሰቀልም። የፖላራይዘር ፊልም ውስጡ አዮዲን የጠጣ ቀጭን ፕላስቲክ ነው፤ እርጥበትና ሙቀት ያነጣዋል። ደንበኛው «በር ላይ፣ ሕዝብ እንዲያየው» ካለ የምትመልሱት እምቢታ ነው።

ደረጃ 2፦ የፖላራይዘሩን አቅጣጫ ማግኘት

1. ፊልሙ ላይ ያለውን መከላከያ ላስቲክ በሁለቱም ፊት ላጡ። ጥፍር ካልያዘው ጥግ ላይ ፕላስተር ለጥፋችሁ ሳቡት። ይህ ላስቲክ ራሱ ቀለም ይፈጥራል። «ፊልሙ ተበላሽቷል» ተብሎ ከሚመለሰው ዕቃ አንዱ ላስቲኩ ያልተላጠ ነው።
2. የተወለወለ የሴራሚክ ወለል ያለበት ክፍል ውስጥ ፊታችሁን ወደ መስኮቱ አዙራችሁ ቁሙ። ዓይናችሁ 1.6 ሜትር ከፍታ ላይ ከሆነ ከእግራችሁ 2.3 ሜትር ገደማ ራቅ ብሎ ያለውን ነጸብራቅ እዩ።
3. ፊልሙን ዓይናችሁ ፊት ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ነጸብራቁ ጭልም ሲልላችሁ ቁሙ። አሁን የፊልሙ ማሳለፊያ አቅጣጫ ከላይ ወደ ታች ነው።
4. ጠርዙ ላይ በማይለቅ ማርከር ቀስት ሣሉ።

የፊልሙን ጠርዝ አይታችሁ አትገምቱ። አንዳንዱ ጥቅል በርዝመቱ፣ አንዳንዱ በወርዱ፣ ከስክሪን የወጣው ደግሞ አንዳንዴ በሰያፍ ነው የሚያሳልፈው።

ደረጃ 3፦ የናሙና መሰላል

ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው ሥራውን ሁለት ጊዜ ይሠራል።

1. 10×30 የሆነውን መስታወት በውኃና በትንሽ ሳሙና እጠቡ፤ አድርቁ።
2. 24 ሳንቲ ሜትር የፕላስተር ቁራጭ በርዝመቱ ለጥፉ።
3. ሁለተኛውን በላዩ፣ ከመነሻው 3 ሳንቲ ሜትር ገባ ብላችሁ ጀምሩ። ሦስተኛውን 6፣ አራተኛውን 9 እያላችሁ እስከ 8 ንብርብር ቀጥሉ። ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ይሁን።
4. እያንዳንዱን ደረጃ ከ1 እስከ 8 ቁጥር ስጡት።
5. ፓነሉን አብሩ። አንዱን ፖላራይዘር ቀስቱ ወደ ላይ ሆኖ ፓነሉ ላይ አኑሩ። መሰላሉን በላዩ ከቀስቱ 45 ዲግሪ አጋድማችሁ አስቀምጡ። ሁለተኛውን ፖላራይዘር ቀስቱ ወደ ጎን ሆኖ አልብሱት።
6. ያያችሁትን በሁለት ዓምድ ጻፉ፦ ሁለቱ ቀስቶች ሲሻገሩ የታየውን ቀለም፣ ሁለቱ ቀስቶች ሲገጥሙ የታየውን ቀለም።

ውፍረቱ ሲጨምር፣ ቀስቶቹ ተሻግረው ሳሉ፣ የቀለሙ ቅደም ተከተል ሁልጊዜ ይህ ነው፦ ግራጫ፣ ነጭ፣ ቢጫ፣ ብርቱካናማ፣ ቀይ ወደ ሐምራዊ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ እንደገና ቢጫ፣ ከዚያ ሮዝና ፈዛዛ አረንጓዴ እየተፈራረቁ ወደ ነጭ ይጠፋሉ። የእናንተ ፕላስተር በአንድ ንብርብር ከዚህ መስመር የትኛው ላይ እንደሚጀምር የሚነግራችሁ መሰላሉ ብቻ ነው። ቀለሙ ከ5ኛው በኋላ ከፈዘዘ ከዚያ በላይ አትደራርቡ።

ሁለት ነገር እዚሁ ሞክሩ። አንደኛ፣ መሰላሉን ከ45 ወደ 0 ዲግሪ አዙሩት፤ ቀለሙ እየደከመ ሄዶ በመጨረሻ ይጠፋል። ሁለተኛ፣ 3 ንብርብር ባለበት ላይ አንድ ቁራጭ ተሻጋሪ አድርጋችሁ ለጥፉ፤ የሚታየው የ4 ሳይሆን የ2 ቀለም ነው። በአንድ አቅጣጫ የተለጠፈ ይደመራል፣ ተሻጋሪው ይቀነሳል። በኋላ የተሳሳተ ቁራጭ የሚታረመው በዚህ ነው።

ፕላስተሩ ቀለም ካልሰጠ አትታገሉት፤ ሌላ ዓይነት ሞክሩ። ከስጦታ ዕቃ መሸጫ የሚገኘው ጥቅል ወረቀት መሳይ ሴሎፎንም አንዳንዱ በጣም ጥሩ ቀለም ይሰጣል፣ አንዳንዱ ምንም።

ደረጃ 4፦ ውል

ደንበኛው ማጽደቅ ያለበት ከወረቀት ንድፍ በፊት የበራውን መሰላል ነው፤ በተለይም እዚያው ግድግዳ ፊት ለፊት፣ ክፍሉ በተለመደው ብርሃን እያለ። ውሉ ላይ እነዚህን አስገቡ፦

- ቀለሙ በመሰላሉ ቁጥር እንደሚጠቀስ («ቁጥር 3» እንጂ «ቀይ» አይባልም)
- ጎማው ሲዞር ቀለሙ በመሃል ወደ ግራጫ እንደሚደበዝዝ፣ ይህም ብልሽት እንዳልሆነ
- ፖላራይዝድ የፀሐይ መነጽር ያደረገ ሰው ምስሉን በሌላ መልክ እንደሚያየው
- መብራት፣ ሶኬትና ብሬከር የማን ወጪ እንደሆነ
- የጎማው ፊልም ሲቧጨር የሚተካው ማን እንደሆነ
- ክፍያው በሦስት፦ ለዕቃ፣ መሰላሉ ሲጸድቅ፣ ሲገጠም

መሥሪያ ቤቶች ፕሮፎርማ ሲጠይቁ «ስዕል» ብላችሁ ብቻ አትጻፉ። ሳጥኑን፣ መብራቱን፣ ፊልሙንና ግጠማውን ለየብቻ ዘርዝሩ፤ አለበለዚያ ከሸራ ስዕል ዋጋ ጋር ተወዳድራችሁ ትወድቃላችሁ።

ደረጃ 5፦ ንድፍ

ፕላስተር ቀጥ ያለ መስመር ይወዳል። ፊት፣ ፊደል፣ ክብ ነገር ለመጀመሪያ ሥራ አይሆንም። የጓሳ ጭላዳ ወይም ጅብራ ይሠራልን የሚል ደንበኛ አይጠፋም፤ ጅብራ በቀጥታ መስመር ሊወጣ ይችላል፣ የጭላዳ ፀጉር ግን በከተር አይሞከርም።

ለሰሜን ሸዋ የሚሻለው የአካባቢው ድንጋይ ነው። የጣርማ በር ገደል ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ነው። ጂኦሎጂስቶች ባዛልትን 0.03 ሚሊ ሜትር እስኪቀጥን ፈግፍገው በሁለት ፖላራይዘሮች መካከል በማይክሮስኮፕ ሲያዩት፣ ውስጡ ያሉት ክሪስታሎች ልክ እንደ ፕላስተራችሁ ቀለም ይሰጣሉ። ፕላጂዮክሌዝ የሚባለው ረዣዥም ግራጫና ነጭ ዘንግ ሆኖ ይታያል፤ ፓይሮክሲን ከቢጫ እስከ ሰማያዊ ይሄዳል፤ ኦሊቪን ካለ ከዚያም ይደምቃል። ስለዚህ የመሰላሉን የታች ቁጥሮች ለዘንጎቹ፣ መካከለኞቹን ለፓይሮክሲን ስጡ። ሳይንሱም ስዕሉም አንድ ሆኖ ይወጣል፤ የትምህርት ቤት መምህርም የሚያስተምርበት ነገር ያገኛል።

ንድፉን በ46 ሳንቲ ሜትር ክብ ወረቀት ላይ በትክክለኛ መጠኑ ሣሉ። የእያንዳንዱ ክሪስታል ወርድ ከ4.8 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ፤ ከበለጠ በመሃሉ መገጣጠሚያ ይታያል። ውስጡ ላይ የንብርብር ቁጥር ጻፉ። ወረቀቱ ላይ አንድ ትልቅ የ45 ዲግሪ ቀስት ሣሉ፦ ሁሉም ፕላስተር ርዝመቱ በዚህ ቀስት መስመር ይሆናል፣ የክሪስታሉ ቅርጽ ወደየትም ቢያጋድል።

ይህች የመጨረሻዋ ነጥብ ብዙ ሰው ታሳስታለች። ዘንጉ ቆሞ ከተሣለ ፕላስተሩንም አቁሞ ይለጥፋል፤ 0 ዲግሪ ስለሚሆን ዘንጉ ጨርሶ አይታይም። የምታጋድሉት ፕላስተሩን እንጂ ቅርጹን አይደለም።

ደረጃ 6፦ መቁረጥና መለጠፍ

መስታወቱ ላይ ለጥፎ እዚያው መቁረጥ የታችኛውን ንብርብር ይሰነጥቃል። በምትኩ፦

1. በስቲከር ጀርባ ወረቀት ላይ የ2፣ የ3፣ የ4 እና የ5 ንብርብር ረዣዥም ቁራጮች ደራርቡ። እያንዳንዱን በጣታችሁ ሳይሆን በፕላስቲክ ካርድ ጠርዝ ጫኑት።
2. ወረቀቱ ጀርባ ላይ ቁጥሩንና የርዝመቱን ቀስት ጻፉ።
3. የንድፉን ቅጂ ቆርጣችሁ፣ ቀስቱን ከቀስቱ ጋር አግጥማችሁ፣ በብረት ማስመሪያ ቁረጡ። ምላጩን በየ10 ቁራጩ ስበሩ፤ የደነዘ ምላጭ ጠርዙን ይለጥጠዋል፣ የተለጠጠ ጠርዝ ደግሞ ሌላ ቀለም ያወጣል።
4. ንድፉን ከመስታወቱ ሥር አድርጉ። ቁራጩን ከወረቀቱ ላጡና ከአንድ ጠርዝ እያስተኛችሁ ለጥፉ።
5. በየ10 ቁራጩ ሁለቱን ፖላራይዘር አድርጋችሁ እዩ። ሁሉንም ጨርሶ ማየት ቁማር ነው።

በቁራጭና በቁራጭ መካከል ግማሽ ሚሊ ሜትር ክፍተት ተዉ። ክፍተት ጥቁር መስመር ሆኖ ይታያል፣ መልካም ነው፤ መደራረብ ግን ያልታሰበ ቀለም ያለው ክር ያመጣል።

የተለጠፈበት ፊት በሳጥኑ ውስጥ ወደ መብራቱ ይዞራል፣ እጅ እንዳይነካው። ስለዚህ ከፊት ሲታይ ምስሉ ግራ ቀኙ ይገለበጣል። ለድንጋዩ ምንም አይደለም፤ ጽሑፍ ካለበት ግን ንድፉን አስቀድማችሁ ገልብጡ።

ላሚኔሽን አታድርጉ። ፎቶ ኮፒ ቤት የሚለብሰው ላስቲክ ራሱ ስለሚያቀልም ሥራችሁን ይደመስሳል።

ደረጃ 7፦ ሳጥንና ጎማ

ከግድግዳው ወደ ተመልካች ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ አንዱም ቦታ አይለዋወጥም፦

1. የኤልኢዲ ፓነል ከነነጭ ፊቱ
2. 5 ሳንቲ ሜትር አየር
3. የኋላ ፖላራይዘር፣ ቀስቱ ወደ ላይ
4. የምስሉ መስታወት፣ ፕላስተሩ ወደ ኋላ
5. 1 ሳንቲ ሜትር ክፍተት
6. የፊት ፖላራይዘር፣ ጎማው ላይ
7. ፖሊካርቦኔት

ብርሃን የሚበትን ነጭ ፕላስቲክ ወይም ስስ ወረቀት ከኋላ ፖላራይዘሩ በፊት ብቻ ነው የሚገባው። በሁለቱ መካከል ከገባ ብርሃኑ ተመልሶ ይደባለቃል፣ ቀለሙ ይሞታል።

መካከል ላይ የሚገባው መስታወት ተራ መሆን አለበት። ቴምፐርድ (በሙቀት የጠነከረ) መስታወት ውስጡ የታመቀ ጫና ስላለው ነጠብጣብና ጥላ ያሳያል። ፖሊካርቦኔትም ራሱ ቀስተ ደመና ያወጣል፤ ከፊት ፖላራይዘሩ ውጭ ሲሆን ግን አይጎዳም፣ የልጆችንም እጅ ስለሚችል እዚያ እሱን ተጠቀሙ።

የሳጥኑ ውስጥ 60.5×60.5 ይሁን፣ ጥልቀቱ 12 ሳንቲ ሜትር። ፊቱን 46 ሳንቲ ሜትር ክብ ቀዳዳ ባለው ፕላይውድ ዝጉ። ከላይና ከታች በየጎኑ አራት የአየር ቀዳዳ ብሱ፣ ዝንብ እንዳይገባ ወንፊት ለጥፉባቸው። በሲሊኮን ጥርቅም አድርጋችሁ አትዝጉ፤ ጤዛው መውጫ ያጣል። የፓነሉን ድራይቨር (የኤሌክትሪክ ኃይል መቀየሪያውን) ከሳጥኑ ውጭ አድርጉ።

ለጎማው ከ6 ሚሊ ሜትር ፕላይውድ ውጩ 54፣ ውስጡ 46 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቀለበት ቁረጡ። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት፣ የመስኮቱ ጎማ ቦይ ውስጥ እስኪገባ ድረስ። ፖሊካርቦኔቱን ከቀለበቱ ኋላ በትናንሽ ቪቲ እሰሩ፤ ፊልሙን በ50 ሳንቲ ሜትር ክብ ቆርጣችሁ በፖሊካርቦኔቱ ኋላ፣ በጠርዙ ብቻ፣ በባለ ሁለት ፊት ፕላስተር ለጥፉ። ሁለቱን የመስኮት ጎማዎች ከታች፣ አንዱን ከላይ፣ እኩል አራርቃችሁ እሰሩ። የላይኛውን ቪቲ ረዘም ባለ ቀዳዳ አስገቡት፤ ክረምት ላይ ፕላይውዱ ሲያብጥ ታላላላችሁ።

ሞተር የሚፈልግ ደንበኛ ካለ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ1 ዙር አይብለጥ። የማይክሮዌቭ ሳህን ሞተር 5 ዙር ገደማ ስለሚሄድ በ3 ሴኮንድ ከቀለም ወደ ተቃራኒው ቀለም ይዘላል፤ ዓይን አያርፍም። በእጅ የሚዞረው ግን ሰው ራሱ የሚያቆመው ስለሆነ የተሻለ ነው ባይ ነን።

ደረጃ 8፦ መስቀል

የምስሉ መሃል ለአዋቂዎች ከወለሉ 145፣ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 115 ሳንቲ ሜትር ላይ ይሁን። ብሎኬት ግድግዳ በ8 ሚሊ ሜትር ፊሸር በአራት ቦታ ይያዛል፤ የጭቃ ግድግዳ ከሆነ ቪቲው ማገር ወይም ቋሚ እንጨት ላይ መግባት አለበት።

የ220 ቮልቱን መስመር ኤሌክትሪሺያን ይዘርጋው፣ ከነመሬት ሽቦው። 40 ዋት በቀን 10 ሰዓት ቢበራ 0.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል፤ ቆጣሪያቸው ለሚያሳስባቸው ደንበኞች ይህን ንገሩ።

ችግር ሲያጋጥም

*ሁሉም ጥቁር ነው።* ጎማውን 90 ዲግሪ አዙሩ። ጀርባው በርቶ ምስሉ ካልታየ ፕላስተሩ የተለጠፈው በ0 ወይም በ90 ዲግሪ ነው። የኋላውን ፖላራይዘር ብቻ አውጥታችሁ 45 ዲግሪ አዙሩትና መልሱት፤ እንደገና መለጠፍ አያስፈልግም። 50×50 ቁራጭ ሲዞርም 46ቱን ክብ ይሸፍናል።

*ቀለም አለ፣ ጀርባው ግን ጥቁር አይሆንም፣ ወይን ጠጅ ወይም ሰማያዊ ይመስላል።* መከላከያው ላስቲክ አልተላጠም፣ ወይም ፊልሙ ርካሽ ነው። መጀመሪያ ላስቲኩን ፈልጉ።

*ጥግ ጥጉ ላይ ብቻ ደመና መሳይ ብርሃን አለ።* መስታወቱ በቪቲ ተጣብቆ ታምቋል። ቪቲዎቹን አላሉ፣ በጠርዙ ስፖንጅ አስገቡ።

*አንድ ቁራጭ ከተፈለገው ቀለም አልፏል።* አትላጡት፣ ሙጫው ይቀራል። በተሻጋሪው ሰያፍ አንድ ንብርብር ጨምሩበት።

*አረፋ።* በመርፌ በሱና በካርዱ አስተኙ። አሮጌ አረፋ አይወጣም፣ ቁራጩን ቀይሩ።

*ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ወገን ነጣ።* ፀሐይ እየደረሰበት ነው። ፊልሙን ከመቀየራችሁ በፊት መጋረጃ ይሰቀል ወይም ቦታው ይቀየር።

ጽዳት

ጎማው በእርጥብ ለስላሳ ጨርቅና በትንሽ ሳሙና ይጸዳል። ፊልሙን አሴቶን፣ ቲነር ወይም አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃ አታስነኩት። ለጽዳት ሠራተኛዋ ይህን በቃል ነግራችሁ አትለፉ፤ ሳጥኑ ጎን ላይ ጽፋችሁ ለጥፉ። የናሙና መሰላሉንና የንድፉን ወረቀት ከሳጥኑ ውስጥ ከኋላ በኩል በፖስታ አድርጋችሁ ተዉ፤ ቁራጭ የሚተካ ሰው ከዚያ ቁጥር ይነሣል።